ለክራር ተሰባስበን በሌላ ነገር የምንጣላው ለምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ክራር የምንወድ ልጆች ተሰባስበን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተን ነበር። መጀመሪያ አርባ ብንሞላ ነው። ስለ ቅኝት፣ ስለ ክር፣ ጥሩ ክራር ማን እንደሚሠራ ነበር የምናወራው። ከዚያ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ቻናል ሊንካችንን ለጠፈልን፤ አሁን ከሦስት ሺህ በላይ ነን። ግን ጠዋት ስከፍተው ስድብ ነው። ፖለቲካ፣ ሃይማኖት፣ የእንግሊዝ ኳስ፣ የዘይት ዋጋ፣ ብቻ ክራር የለም። አሥራ ሰባት ነጥብ ያለው ሕግ አውጥቼ ፒን አደረግኩ፣ ብዙ ሰው አስወጣሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥሩ ጥሩዎቹ ደግሞ እየወጡ ነው። ልዝጋው ወይስ ተስፋ አለው? የአንድ ቀን ወሬያችንን እንዳለ ልኬልዎታለሁ፤ እስቲ ይዩትና ይፍረዱ።»

ወንድሜ፣ አትዝጋው። የላክልኝን ወሬ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ ግሩፑ ታሟል እንጂ አልሞተም። እኔ ደሴ ተቀምጬ የነጋዴዎችን፣ የአብሮ አደጎችን፣ የዕድሮችን የቴሌግራም ግሩፕ ማስተዳደር እንጀራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ አያለሁ። ፖለቲካውን ለጊዜው ተወው። እኔ ያየሁት ችግር ሌላ ቦታ ነው። ግሩፑ ውስጥ ስለ ክራር የሚጠየቅ ጥያቄ መልስ ማግኘት አቁሟል። ጭቅጭቁ የገባው በዚያ ክፍት ቦታ ነው።

ከየትም አምጥቼ እንዳይመስልህ። ራስህ የላክልኝን ቀን እንየው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ ይገባል። «ሰላም ቤተሰብ፣ ኮምቦልቻ አሳምሬ የቃኘሁት ክራር ደሴ ይዤው ስወጣ ይፈርስብኛል፤ ምን ላድርግ?» ይላል። ቆንጆ ጥያቄ ነው። ዝም። ጭራሽ ዝም። ከዚያ አንዱ መጣና «ደሴ ራሷ ቅኝቷ ፈርሷል እኮ» ብሎ የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ቀልድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሲቀላለዱ የኖሩ ናቸው፤ እኔም የደሴ ሰው ሆኜ ስቄያለሁ። ሌላው ግን አልሳቀም። «ምን ማለትህ ነው?» አለ። ቀጥሎ የደሴ መንገድ መጣ፣ ቀጥሎ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ቀጥሎ አየር ማረፊያው ለምን እዚያ ሆነ፣ ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤት ሹመት። አምስት ሰዓት ላይ የብሔር ስም ተጠራ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናት ተሰደበች። ከምሳ በኋላ አንተ ገብተህ ሁለት ሰው አስወጣህ፤ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ወሬው በሙሉ «አድሚኑ ለማን ነው የሚያደላው?» ሆነ። ልጁ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «እሺ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ ወጣ። ለምኑ እንዳመሰገነ እንጃ።

በነገራችን ላይ የልጁ መልስ ይህ ነው፤ አድራሻው ካለህ ላክለት። የክራሩ ገበቴ በቆዳ የተለበጠ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት የቆመው ደግሞ ቆዳው ላይ ነው፤ ቆዳው በተለዋወጠ ቁጥር ስድስቱም ክር አብሮ ይለዋወጣል። ከኮምቦልቻ ተነስተህ በሐረጎ ዳገት ደሴ ስትወጣ 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ 600 ሜትር ያህል ነው ሽቅብ የምትወጣው፤ ከሙቀቱ ወጥተህ የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ትገባለህ። ስለዚህ እንደደረስክ አትቃኘው። ከሽፋኑ አውጣውና ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኘው፣ ትንሽ ተጫውተህበት እንደገና አስተካክለው። አለቀ። ከሦስት ሺህ ሰው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ጠፍቶ አይመስለኝም። የሚያውቁት ግሩፑን ሚዩት አድርገውታል።

ስለ ቆዳው ለመመለስ ክራር ይዞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ደሴ መንገድ ለመናገር ግን አፍ ካለህ ይበቃል። ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንን በምናቡ በፈጠረው ኮሚቴ አሳይቶታል። ለኮሚቴው 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ የኑክሌር ማብላያ ሲቀርብለት በሁለት ደቂቃ ተኩል አጸደቀው፤ ስለ ማብላያ የሚያውቀው አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነበርና ሌላው ተናግሮ መጋለጥ አልፈለገም። 350 ፓውንድ የሚወጣበት የብስክሌት መጠለያ ሲመጣ ግን ለሦስት ሩብ ሰዓት ተሟገቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር አከራከራቸው። ስለ ጣሪያ ሁሉም ያውቃላ! ባንተ ግሩፕ ማብላያው ክራሩ ነው፣ መጠለያው ደግሞ የቀረው ዓለም በሙሉ። ሰው በገባ ቁጥር ደግሞ ክራር የማይነካው እየበዛ ይሄዳል፤ አስተያየት የሌለው ግን አንድም አይመጣም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይሄኛው ከርዕስ የወጣ ስለማይመስል የባሰ ነው። ራስህ ውይይት ለማሟሟቅ ብለህ «ባቲ ቅኝት የማን ነው?» የሚል ድምፅ መስጫ ለጥፈሃል። ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ነው። «የማን ነው?» ብለህ በዚህ ዘመን ስትጠይቅ ሰው የሚሰማው ሙዚቃውን አይደለም፣ መሬቱን ነው። ደግሞም ለመመለስ ክራር መንካት አያስፈልግም። «ባቲን ስትቃኙ የትኛው ክር ነው የሚያስቸግራችሁ?» ብትል ኖሮ የሚመልስልህ ክራር ያለው ሰው ብቻ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ከመለጠፍህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ይህን ክራር የሌለው ሰው ሊመልሰው ይችላል? አዎ ከሆነ አትለጥፈው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ግምት አለ። ከመቶ ሰው ዘጠናው ያነባል እንጂ አይጽፍም፣ ዘጠኙ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው አንዱ ነው። በ3,000 ሰው ስናሰላው 30 ሰው ማለት ነው። ግምት ነውና ከግሩፕ ግሩፕ ይለያያል፤ ግን የግሩፕ ጠባይ ማለት የእነዚያ ጥቂት ጸሐፊዎች ጠባይ መሆኑን ማንም አድሚን ይነግርሃል። አርባ ሳላችሁ የምትጽፉት ክራር የምትደረድሩት ነበራችሁ። አሁን የሚጽፉት መጻፍ የሚወዱ ናቸው። ጥሩዎቹ ደግሞ ተቆጥተው በር ዘግተው አይወጡም። መጀመሪያ ድምፁን ያጠፋሉ፣ ከዚያ መክፈት ይተዋሉ፣ አንድ ቀን ስልካቸው ሞልቶ ቦታ ሲያጡ ግሩፑን ይሰርዙታል። አንተ መውጣታቸውን የምታየው የመጨረሻው ቀን ላይ ነው። የሄዱት ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ፣ ዱክና ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ፣ ተማሪዎች ዩዝኔት የሚባል በኮምፒውተር የሚካሄድ መወያያ ጀመሩ። ውይይቱ በርዕስ በርዕስ የተከፋፈለ ነበር፤ በኋላም ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ራሱን የቻለ ዘርፍ ተበጀለት። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት፣ በእነሱ መስከረም፣ አዲስ ተማሪ ይጎርፋል፣ ያልሆነ ቦታ ያልሆነ ነገር ይጽፋል፣ ነባሮቹ እየተቆጡም እየመከሩም ያስለምዱታል፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ግን አሜሪካ ኦንላይንን የመሰሉ ኩባንያዎች በሩን ለደንበኞቻቸው ሁሉ ከፈቱ። በዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው እንግዳ በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ነባሮቹ ነገሩን «ማለቂያ የሌለው መስከረም» አሉት። አዲሶቹ ከድሮዎቹ የባሱ ባለጌዎች ሆነው አይደለም። የሚያስለምዳቸው ሰው ነው ያልበቃው።

ያንተ መስከረም ያ ቻናል ሊንካችሁን የለጠፈ ዕለት ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ አርባ ሰው በሺህ ሰው ተዋጠ። የገቡትን ማን ተቀበላቸው? ማንም። ገብተው ያዩትን ወሬ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚወራው» ብለው ያዙት፤ ያ ቀን የኳስ ወሬ ከነበረ ኳስ፣ ስድብ ከነበረ ስድብ።

የራሳችንም ነገር አለ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደግ አይሆንም። በ2014 ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲቃረብ በየቤቱ የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የት ደረሱ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ የእገሌን ቤተሰብ ያየ አለ ወይ። ሰው ይህን የጠየቀው እጁ ላይ ባለው ግሩፕ ነው። የዶሮ አርቢዎች ግሩፕ ይሁን የድሮ ፎቶ ሰብሳቢዎች ማን ግድ ይለዋል? ያኔ «ከርዕስ ወጣችሁ» የሚል አድሚን ቢኖር እኔ ራሴ ነበርኩ የምሰድበው። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ልማዱ ቀረ። ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ ክፉ ወሬ መፈለግ ለመደ፣ ያንን የሚያመጣለት ደግሞ በሁሉም ግሩፕ እንደ ጀግና ተቆጠረ። ከዚያ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ግሩፖቻችን ውስጥ ማን ቀረ? ዋይፋይ ያለው ጥቂት ሰው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ ውጭ አገር ያለው። ክራሩን እዚህ ይዞ የተቀመጠው ሰው መልስ መስጠት አይችልም፤ ከሩቅ ሆኖ ስለ አገሩ የሚብሰለሰለው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል። አልፈርድበትም፤ ናፍቆትና ጭንቀት ነው የሚያስጽፈው። ግን ኔትወርኩ ሲመለስ ባለ ክራሩ ገብቶ ያገኘው የማያውቀውን ቤት ነው። እኔ በማስተዳድራቸው ግሩፖች ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ሕግህ እንነጋገር። አሥራ ሰባቱም ነጥብ «ክልክል ነው» ይላል። ምን እንደሚፈቀድ፣ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ ምን ቢያደርግ ደስ እንደሚላችሁ አንድም ቦታ የለም። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያነበው ተከራካሪ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያነበው «ነጥብ ዘጠኝን ለእኔ ብቻ ለምን?» ብሎ አንተን ለመሞገት ነው። አንሳው። በምትኩ ሦስት መስመር ጻፍ፦ እዚህ ስለ ክራር እንነጋገራለን፣ ጀማሪ ማንኛውንም ነገር ይጠይቅ፣ ስትገቡ ክራራችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ያቺ ፎቶ ቀላል አትምሰልህ። ክራር የሌለው ሰው እዚያው በር ላይ ይቆማል፣ ያለው ደግሞ የመጀመሪያ ጽሑፉ ስለ ክራር ሆነ ማለት ነው።

ማስወጣቱንም በአደባባይ አታድርገው። የላክልኝን ቀን ተመልከት፤ ከጠዋቱ ጭቅጭቅ ይልቅ አንተ ካስወጣህ በኋላ የመጣው ይረዝማል። ጎድዊን የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳለው የኢንተርኔት ክርክር በረዘመ ቁጥር አንዱ ሌላውን ከሒትለር ጋር የማነጻጸሩ ነገር የማይቀር እየሆነ ይሄዳል። በእኛ አገር ሒትለርን የሚተኩ ቃላት አሉ። እዚህ አልጽፋቸውም፤ ከጻፍኳቸው እዚሁ ይጀመራል። እነዚያን ቃላት ስታይ ማስጠንቀቂያ፣ ማብራሪያ፣ ስብከት አያስፈልግም። አጥፋ፣ ለሰውየው በውስጥ መስመር ሁለት ቃል ጻፍለት፣ ቀጥል። የጥላቻ ንግግር አዋጁም፣ ቁጥር 1185/2012፣ ቀልድ አይደለም። ሁለት አባሎችህ በእውነት ከተቀያየሙ ደግሞ እኛ ወሎዎች አበጋር የሚባል የእርቅ ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን፤ ሽማግሌ ይዞ ሁለቱንም ማነጋገር ከማን እንማራለን? ሁለቱም የሚያከብሩትን አንድ ሰው ፈልግና በስልክ ያነጋግራቸው። ሦስት ሺህ ሰው እያየው ይቅርታ የሚል ወንድ የለም።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ከወጡት ጥሩ ሰዎች አራት አምስቱን ምረጥ። በጽሑፍ አይሆንም፣ ደውልላቸው። «አድሚን ሁኑ» አትበላቸው፣ ይሸሹሃል፤ ማንም የሌላ ሰው ጠብ ጠባቂ መሆን አይፈልግም። «በቀን አንድ ጥያቄ እልክላችኋለሁ፣ በተራ በተራ መልሱልኝ» በላቸው። ግሩፑ ውስጥ የተጠየቀ የክራር ጥያቄ ሳይመሽ መልስ ያግኝ። ይህችን ብቻ ለሁለት ወር ብትይዝ ግማሹ ነገር ይስተካከላል፤ ምክንያቱም መልስ ያገኘ ሰው ነገ ለሌላው ይመልሳል፣ መልስ ያላገኘ ግን ወይ ይወጣል ወይ ከተሳዳቢዎቹ ጋር ይቀመጣል።

የቴሌግራሙ ነገር ቀላል ነው። ቶፒክ የሚለውን አብራና ግሩፑን ክፍል ክፍል አድርገው፤ ቅኝት ለብቻ፣ ክርና ጥገና ለብቻ፣ የሚሸጥና የሚገዛ ለብቻ። አንድ «ቡና» የሚባል ክፍልም ይኑር። ሰው ስለ ልጁ ምረቃ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትናንት ማታው ጨዋታ ያውራ፤ ያንን ከከለከልክ ጓደኝነቱን ገደልከው፣ ግሩፑም የአስተማሪና የተማሪ ክፍል ይሆናል። የፖለቲካ ክፍል ግን አትክፈት። «ይተንፍሱበት» የሚሉህ ይኖራሉ፤ እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለ ክፍል ሲከፈት አይቻለሁ፣ የሚተነፍስበት የለም፣ ሁሉም እዚያ ይሞቅና ቂሙን ይዞ ወደ ቅኝት ክፍል ይመጣል። ነገር ሲግል ደግሞ ስሎው ሞድ አለልህ። አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ ስንት መጠበቅ እንዳለበት ትወስናለህ፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ አንድ ሰዓት። አምስት ደቂቃ አድርገው። ተሳዳቢ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ሞት ነው የሚሆንበት፤ ስለ ክር የሚጠይቅ ሰው ግን ልብም አይለውም።

ከሁሉም በላይ ድምፅ አስልክ። በየሳምንቱ አንድ ነገር ስጥ፣ ለምሳሌ «የዚህ ሳምንት ቅኝት አንቺሆዬ፣ አንድ ደቂቃ፣ ክራር ብቻ፣ ዘፈን የለም»። ልጆቹ ቮይስ ይላኩ፣ ነባሮቹ «ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች» ይበሉ። ይህን የሚያደርግ ግሩፕ ውስጥ ስድብ ቦታ ያጣል፤ በሁለት የክራር ድምፅ መሃል የገባ ስድብ ያሳፍራል፣ ለራሱ ለተሳዳቢውም። ከቻላችሁ ደግሞ ተገናኙ። ደሴና ኮምቦልቻ እኮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ አንድ ወር እዚያ አንድ ወር እዚህ ሻይ ጠጡ። ክራሩን ቃኝቶ ያቀበለህን ሰው በስልክ ለመስደብ ይከብዳል።

አንድ የምቆጣህ ነገር አለ። ያን ቀን ማታ አራት ሰዓት ላይ አንተም ገብተህ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ረጅም ጽፈሃል። ትክክል ነበርክ፣ እኔም እስማማለሁ። ግን አድሚን ከርዕስ ሲወጣ ርዕሱ ተቀየረ ማለት ነው፤ ሕጉን ያነበቡት ሁሉ ያንን አይተዋል። የሆድህን ለመጻፍ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ይህን ሁሉ አድርገህ እስከ ፋሲካ ካልተለወጠ፣ ሦስት ሺሁን ለነሱ ተውላቸውና አርባውን ይዘህ ሌላ ክፈት። መግለጫ አታውጣ፣ አትሰናበት፣ ማንንም አትክሰስ። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል ማለት ሙላው ማለት አይደለም። አዲሱን ስትከፍት አንድ አባል አንድ ሰው ብቻ ያስገባ፣ ያስገባው ሰው ደግሞ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ሊንኩን ለማንም ቻናል አትስጥ፤ ምንም ያህል ቢለምኑህ።